ምን ነበረች ሲሉኝ

ሐሙስ ነበር። ከሐሙስ በፊት ያሉትን ቀናት እርስ በርስ አምታታቸዋለሁ፤ ሐሙስን ግን ከጠዋት እስከ ማታ አስታውሰዋለሁ። ምንም ስላልሆነበት ይመስለኛል።

ጅግጅጋ ውስጥ ከአንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ የገባሁበት ሥራ ነው። ማመልከቻ እተይባለሁ፤ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፤ መብራት ሲጠፋ በር ላይ ቁጭ ብዬ ባጃጅ እቆጥራለሁ። የሰው ጉዳይ መጻፍ ለምጃለሁ። የራሴን ስጽፍ ይኸው የመጀመሪያዬ ነው፤ እጄ ቶሎ ቶሎ አይሄድልኝም።

እህቴ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ትበልጠኝ ነበር ማለት አለብኝ። በከተማው የኪነት ቡድን ውስጥ ስድስት ዓመት ተዋናይ ሆና ሠርታለች። የገባችው ከተማው ከተረበሸበት ክረምት በኋላ ነው። ያን ክረምት እኛን የሶማሌ ጎረቤቶቻችን ግቢያቸው ውስጥ ደብቀው አሳለፉን። ሲረጋጋ አብሮ ስለመኖር የሚያሳይ ድራማ ይዞ በየከተማው የሚዞር ቡድን ተቋቋመ፤ በሁለቱም ቋንቋ የምትተውን ሴት ፈለጉ። እህቴ እዚሁ ተወልዳ ስላደገች ሶማልኛዋ እንደ አማርኛዋ ነበር። ሶማሌ አማት ሆና ስትጫወት የእውነት አማቶች መሬት እየመቱ ይስቁ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በፊት ከጓደኛዋ ጋር ወደ ሱቁ መጣች። ጓደኛዋ የቡድኑ ድምፃዊ ናት፤ የደገሀቡር ልጅ። በማግስቱ ደገሀቡር ላይ ዝግጅት ስለነበራቸው አስተባባሪያቸው ለአስተናጋጆቹ የሚላክ የተጓዦች ዝርዝር እንድተይብ በስልክ ልኮልኝ ነበር። ተይቤ ጨርሼ ወረቀቱ እየወጣ ነው። እህቴ ትኩሱን ወረቀት ከማሽኑ ላይ አነሳችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዝርዝሩ ነዋ።»

«አንብብልኝ እስቲ።»

አነበብኩላት። ወንዶቹ አንድ በአንድ ከነሙያቸው ተጽፈዋል፤ ድምፃዊ፣ ተዋናይ፣ ኮሜዲያን፣ ከበሮ መቺ፣ ሾፌር። ከሁሉም በታች አንድ መስመር አለ፤ «ሴቶች (4)» ይላል።

«ሴቶች አራት?» አለች። «ፍየል ነው እንዴ የሚጫነው? ሾፌሩ እንኳን ሾፌር ተብሏል!»

«እኔ የተላከልኝን ነው የምተይበው።»

«እንግዲያው አሁን እኔ ልላክልህ። ቁጭ በል።»

ቁጭ አልኩ። ከኋላዬ ቆማ ታስጽፈኝ ጀመር። የራሷ ላይ ስትደርስ «ተዋናይ» አለች።

«‹ተዋናይት› አይሻልም? ቴሌቪዥን ላይ እንደዚያ ነው የሚሉት።»

«ለጌጥ ነው የሚሉት። ሐኪሟን ሐኪሚት ትላታለህ? ሾፌር ብሆን ሾፌሪት ልትለኝ ነው?»

ሾፌሪት የሚለው አሳቀኝ። እሷም ሳቀች። ቀጥሎ ጓደኛዋን «ድምፃዊ» ብዬ ልጽፍ ስል ልጅቷ እጄን ያዘችው።

«ወላል፣ የእኔን አስተማሪ በለው» አለችኝ። ወላል ማለት ወንድሜ ማለት ነው። «ወረቀቱ ደገሀቡር ነው የሚሄደው። አጎቶቼ እዚያ ናቸው።»

«አጎቶችሽ አስተማሪ ነሽ ብለው ነው የሚያውቁት?»

«ወላሂ፣ ትልቁ ትናንት ደውሎ ‹ተማሪዎችሽ ደህና ናቸው ወይ?› አለኝ። ደህና ናቸው አልኩት። ምን ልበለው?»

«ፈተና ላይ ናቸው አትይውም ነበር!» አለች እህቴ። ሁለቱም ጠረጴዛዬን ይዘው ሳቁ። ኮፒ ሊያስደርጉ የቆሙ ሽማግሌ ምን እንደተባለ ሳይገባቸው አብረው ሳቁ።

ከዚያ እህቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ? ጓደኞችህ እህትህ ምን ትሠራለች ሲሉህ ምን ትላቸዋለህ?»

እውነቱን ነገርኳት። ልዋሻት አልቻልኩም። «ቢሮ ትሠራለች እላለሁ።»

«ቢሮ ምን?»

«ቢሮ ነዋ። ዝም ብሎ ቢሮ።»

የተቆጣች አልመሰለኝም። «አባባ አዝማሪ ይለኛል» አለች። «እሱ ቢያንስ ሥራ እንዳለኝ ያውቃል።»

የታረመውን ወረቀት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

ስለ አባቴ ትንሽ ልበል፤ ያለዚያ በደንብ አይገባም። ከሰሜን ሸዋ በልጅነቱ መጥቶ በዚህ ከተማ አርባ ዓመት ልብስ ሸጧል። እናታችን ከሞተች በኋላ ሁለታችንን ብቻውን ነው ያሳደገን። ክፉ ሰው አይደለም። እህቴ ልምምድ ሲያመሽባት ባጃጅ መቆሚያው ድረስ ሄዶ ይጠብቃት ነበር፤ ሌላ ሰው ያየው እንደሆነ ግን ዳቦ ሊገዛ የወጣ ያስመስል ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን መድረክ ላይ አላያትም። ሲናደድ አዝማሪ ይላታል፤ እንግዳ ሲጠይቀው ደግሞ «ቢሮ ናት» ይላል። እኔ ያንን ከእሱ ነው የተማርኩት። ትምህርት ቤት ልጆች «የዘፋኟ ወንድም» እያሉ ሲያሾፉብኝ እህቴ ዘፋኝ እንዳልሆነች እንኳን አላስረዳኋቸውም። የምትሠራው ቢሮ ነው አልኳቸው። ትንሽ ቃል ናት። ብዙ ነገር ትሸፍናለች።

የዚያን ዕለት ማታ ከራት በኋላ እህቴ ደገሀቡር ላይ የምትጫወተውን ገጸ ባሕርይ ትለማመድ ነበር። የከብት ደላላ ነበር የምትሆነው። እንደሚታወቀው የእኛ አገር ደላሎች ዋጋ በአፍ አይናገሩም፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ላዩን በጨርቅ ይሸፍኑና በጣት ነው የሚከራከሩት። እጄን ይዛ ሻሿን ጣለችበትና ጣቶቼን እየጨመቀች በሶማሌ ደላላ ድምፅ ትቆጣኝ ጀመር፤ «ይቺን ግመል በዚህ ዋጋ? እናትህ ታውቃለች ከቤት መውጣትህን?» አለችኝ። ከመጋረጃው ወዲያ አባቴ ተኝቷል ብለን ነበር። ሳቅ አመለጠው። ወዲያው ደግሞ ጉሮሮውን ጠራረገ። እህቴ በዓይኗ ወደ መጋረጃው አሳየችኝና አፏን በእጇ ያዘች።

እንዲህ ነበር ያ ቀን። ሌላ ምንም የለውም።

ዓርብ ማለዳ እኔ ሳልነሳ ሄደች። ዓርብ ማታ «ሰው መቆሚያ አጥቶ ነበር» የሚል መልእክት ላከችልኝ። «በርቺ» ብዬ መለስኩ። በርቺ ብቻ።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት አካባቢ የአንድ ሰውዬ ውል እየተየብኩ ስልኬ ጠራ። ጓደኛዋ ናት። መጀመሪያ በሶማልኛ ነው የተናገረችው፤ እኔ ደግሞ እንደ እህቴ ሶማልኛ በደንብ አልሰማም። ከዚያ በአማርኛ ደገመችው። ሲመለሱ መንገድ ላይ ግመሎች ድንገት ገቡ፤ ሾፌሩ ሊያድናቸው ሲል መኪናው ተገለበጠ። ሦስት ሰዎች ቆስለዋል። እህቴ እዚያው ሞታለች። ውሉን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ሰውዬው «ፊርማው የታለ?» እያለ ከኋላዬ ሲጣራ አስታውሳለሁ።

አባቴን ሱቁ ውስጥ ሸሚዝ እያጠፈ አገኘሁት። እንዴት እንደነገርኩት አልጽፈውም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቀብር ሆነ። ዕድሩ ከማለዳው ድንኳን ተክሎ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን ነው ለመጻፍ የተነሳሁት፤ እስካሁን ያለው ወደዚህ ለመድረስ ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሲሞት የሚጠሩ አንዲት አልቃሽ አሉ። እማማ እንላቸዋለን። ከወሎ ነው የመጡት፤ ዕድሜያቸው ከሰባ ያልፋል። እሳቸው መሃል ቆመው ግጥም ካልሰጡ ለቅሶው ለቅሶ አይሆንም ይባላል። አባቴ ራሱ ባጃጅ ልኮ አስመጣቸው፤ ሲደርሱም ከወንበሩ ተነስቶ ትከሻቸውን ሳማቸው። ልጁ ሰው ፊት ድምፅዋን አሰማች ብሎ አዝማሪ የሚል ሰው፣ ሰው ፊት ድምፃቸውን የሚያሰሙ ሴት ሲመጡ ቆሞ ተቀበለ። ይህን ያሰብኩት በኋላ ነው። ያኔ ምንም አላሰብኩም።

እማማ አንድ ልማድ አላቸው። የሞተውን ሰው ካላወቁት ከማልቀሳቸው በፊት የቤቱን ሰው ጠርተው ይጠይቃሉ፤ በባዶ አያለቅሱም። ሬሳው ከቤት ሊወጣ ሲል የእኔን እጅ ያዙ። አባቴ አጠገቤ ነበር፤ የዕድሩ ሽማግሌዎች ከኋላው።

«ልጄ፣ ሳላውቅ አላለቅስም» አሉኝ። «ሥራዋን ንገረኝ። ምን ነበረች?»

አባቴን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። ምንም በል አላለኝም፤ አታውራም አላለኝም። ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ፤ በእሱ ላላሳብብ። አፌ የለመደውን አወጣ።

«ቢሮ ነበረች» አልኩ።

«ቢሮ ምን ሆና?»

ሐሙስ ዕለት እህቴም ይህንኑ ነበር የጠየቀችኝ። ሐሙስ መልስ አልነበረኝም፤ እሑድ ግን አገኘሁለት። «ጸሐፊ» አልኩ።

እማማ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ወደ ሴቶቹ መሃል ገቡ። ከዚያ ያ ድምፃቸው ወጣ፤

«ወረቀቱ ነጥቶ ብዕሩ ደርቆባት፣
ወንበሯ ባዶ ነው ማን ይጻፍ ተክቷት።»

ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏቸው። ግጥሙ ያምር ነበር። ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። ጎረቤት ሁሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ የማለቅሰው ግን ለማላውቃት አንዲት ጸሐፊ ይመስለኝ ነበር።

የኪነት ቡድኑ ልጆች በሩ አጠገብ ተሰብስበው ቆመዋል። ድምፃዊቷ ግንባሯ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ አንድ እጇ ታስሮ ነበር። ኮሜዲያኑ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ ያለቅስ ነበር፤ «ብዕሩ ደርቆባት» ሲባል እጆቹን አወረደና የእኔን ፊት ፈለገ። የተሳሳተ ለቅሶ የገባ ሰው ይመስል ነበር።

ከቀብር ስንመለስ ድምፃዊቷ ጎኔ መጣች። «ወላል» አለችኝ በቀስታ፣ «ማንን ነው የቀበራችሁት?»

እርምጃዬን አፈጠንኩ፤ እሷም እኩል ሄደች።

«እኔ እዋሻለሁ። በሕይወት ስላለሁ፣ ከአጎቶቼ ጋር መኖር ስላለብኝ ነው የምዋሸው። እሷ ግን አንድም ቀን አልዋሸችም። አንተ ዋሸህላት። ማን ላከህ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«እሱ ነው የሚገርመኝ» አለችና ወደ ጓደኞቿ ሄደች።

ማታ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲቀንስ አባቴ እጁን ጉልበቴ ላይ አደረገ። «ደግ አደረግህ» አለኝ። ምኑን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም፤ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ብዙ ጊዜ አባቴ ደግ አደረግህ እንዲለኝ እመኝ ነበር፤ ፈተና ስፈተን፣ ሥራ ስይዝ። ያን ቀን አለኝ። ከእጁ ሥር ጉልበቴን ማንሳት አቃተኝ።

በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ወደ እማማ ቤት ሄድኩ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው የሚኖሩት። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው በዝንጅብል የፈላ ውሃ ይጠጣሉ፤ ድምፃቸው ከትናንቱ ለቅሶ ተዘግቷል። ሲያዩኝ ለሥልስት ልጠራቸው የመጣሁ መሰላቸው።

«እመጣለሁ ብያለሁ እኮ» አሉ በሹክሹክታ። «ድምፄን ትንሽ ላሳርፈው።»

«እማማ፣ ትናንት የነገርኩዎት ውሸት ነው።»

«ምኑ?»

«ጸሐፊ አልነበረችም። ቢሮም አትሠራም።»

ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ምን ነበረች?»

«ተዋናይ። ድራማ ነበር የምትሠራው። መድረክ ላይ።»

ይቆጣሉ ብዬ የጠበቅኩት በሥራዋ ነበር። እሳቸው የተቆጡት በሌላ ነው። «ሙት ላይ አስዋሸኸኝ?» አሉ። ድምፃቸው ስለተዘጋ መጮህ አልቻሉም፤ ሹክሹክታው ከጩኸት ይብስ ነበር። «ሃምሳ ዓመት ቆሜአለሁ፤ ሌባ ሲሞት ሌባ ነበር አላልኩም፤ ዝም እላለሁ። ያልሆነውን ግን ሆነ ብዬ አላውቅም። ስንት ሰው ነው ትናንት የሰማኝ? ያቺን ልጅ የሚያውቅ ስንት ሰው ነበር?»

«ብዙ።»

«ሳቁብኝ?»

«አልሳቁም። አለቀሱ።»

«ይሄ ይብሳል።» ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ለምን? አፈርክባት?»

አዎ ማለት ነበረብኝ። ጭንቅላቴን ብቻ በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«እኔም አልቃሽ ነኝ» አሉ ቆይተው። «ሰርግ ላይ አይጠሩኝም፤ በደጃቸው ሳልፍ ካዩኝ ፊታቸው ይጠቁራል። ቤታቸው ሰው ሲሞት ግን ባጃጅ ይልካሉ። የገዛ ልጄ ‹እናቴ የቤት እመቤት ናት› ነው የምትለው። አውቃለሁ። ይሁን፤ እኔ እንግዲህ አሁንም አለሁ፤ ስፈልግ አፌን ከፍቼ እናገራለሁ። እህትህ ግን አፏን አትከፍትም።»

ከዚያ ያየሁትን ሁሉ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር መድረክ ላይ ያየኋት፤ ሁለቱንም ጊዜ ከኋላ ቆሜ፣ ሰው ሳያየኝ። ሁለቱን ነገርኳቸው፤ ቤት የተለማመደችውን ነገርኳቸው። ያላየሁት ካየሁት እንደሚበዛ የገባኝ ስናገር ነው።

«በሉ እንግዲህ ዛሬ ያርሙልኝ» አልኳቸው።

«እኔ አላርምም። እኔ ሰው የሰጠኝን ነው የማለቅሰው። ያስዋሸ አፍ ራሱ ነው የሚያርመው። ትናንት በማን ፊት ነገርከኝ?»

«በአባባ ፊት። በሽማግሌዎቹ ፊት።»

«ዛሬም በእነሱ ፊት ትነግረኛለህ። ተነስ፣ እጄን ያዝ።»

እጃቸውን ይዤ በእግር ሄድን። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ፊታችን ላይ ይበትነው ነበር። እማማ በየመንገዱ ቆም እያሉ ይተነፍሳሉ፤ እኔ እያንዳንዱ እርፍታ እንዲረዝም እመኝ ነበር።

ድንኳኑ ሞልቷል። ወንዶቹ በአንድ ወገን አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ዳቦና ሻይ ይዘዋል፤ ሁለት ሽማግሌዎች ካርታ መጫወት ጀምረዋል። ሴቶቹ በሌላው ወገን ምንጣፍ ላይ ናቸው። የኪነት ቡድኑ ሴቶች በዳር በኩል ተጠጋግተዋል። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ከመሃሉ ምሰሶ አጠገብ ነበር። እማማ ሴቶቹ መሃል ቆሙና ዞር ብለው እኔን ጠሩኝ። ወንድ ልጅ ወደዚያ አይገባም። ጫማዬን አውልቄ ምንጣፉን ረገጥኩ። ካርታ የሚጫወቱት አቆሙ።

«ምን ነበረች?» አሉኝ እማማ፤ በዚያ በተዘጋ ድምፅ።

ተናገርኩ። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፤ ከወንዶቹ በኩል አንዱ «አይሰማም!» አለ።

«እህቴ ቢሮ አትሠራም ነበር» አልኩ ጮክ ብዬ። «ተዋናይ ነበረች። ትናንት የዋሸሁት እኔ ነኝ። እማማ አይደሉም፤ አባባም አይደለም። እኔ ነኝ።»

አባቴ የሻይ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀምጦ ተነሳ። ጋቢውን ሰበሰበ። ሊወጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ከምሰሶው ጋር እንደተጠጋ ቆሞ ቀረ፤ ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙሮ ስለነበር ምን እንደሚያስብ አላየሁም።

«መጀመሪያ ምን ሆነች?» አሉ እማማ።

«መጀመሪያ የተጫወተችው ልጇ የጠፋባት እናት ሆና ነው» አልኩ። «ሃያ ዓመቷ ነበር። ልጅ አልነበራትም።»

«ልጅ ሳይኖራት እናት ሆነች» አሉ እማማ ለሴቶቹ። አንዷ ከምንጣፉ ላይ ተቀብላ ደገመችው። ከዳር በኩል ግንባሯን በፋሻ የታሰረችው ድምፃዊ በሶማልኛ አንድ ነገር አለች፤ ሌሎቹ የቡድኑ ሴቶች ተነስተው ወደ መሃል መጡ።

«ከዚያስ?»

አባቴ እንደቆመ ነበር። እኔ የሚቀጥለውን ነገርኳቸው።